አናስቶሞሲስ እና የአባባ ሆድ

ማክሰኞ፣ ወር በገባ በስምንተኛው ቀን
ከቤት

ይድረስ ለባለቤቴ፣

እንደምን ከርመሃል? የባሕሩ ንፋስ ደረትህን እንዳይመታው ያን ወፍራም ሹራብ ከሥር ልበስ። አንዴ ክሬን ላይ ከተወጣ በኋላ በረደኝ ብሎ መውረድ የለም ብለህ ራስህ ነግረኸኛል።

ገና ከመጀመርህ አንድ ነገር ልንገርህና እፎይ በል፤ አባትህ ደህና ናቸው። ይህን ያስቀደምኩት ቀጥሎ ያለውን ስታነብ እንዳትደነግጥ ነው። አሁን ይህን ስጽፍ እሳቸው በረንዳ ላይ ቁጭ ብለው ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊዋ የቧንቧ መዝጊያ እንዴት እንደሚጠብቅ ከሩቅ እያስተማሯት ነው። «ወደ ቀኝ! ቀኝሽን አታውቂም እንዴ!» ይላሉ። ድምፃቸው መንገድ ማዶ ይሰማል። እኛ ደግሞ ይህን ጩኸት ስንናፍቅ ነው የከረምነው።

በስልክ ልነግርህ አስቤ ነበር። ግን ታውቀዋለህ፣ ስልክ ላይ ሁለታችንም «አለን»፣ «ደህና»፣ «እሺ በቃ» ከማለት አናልፍም። ከዚያ በኋላ የሚሰማኝ አንተ ያለህበት ንፋስ ብቻ ነው። ስለዚህ ወረቀት ይሻላል አልኩ።

ነገሩ የጀመረው ቢሮ ነው። ማለቴ ለእኔ የጀመረው ቢሮ ነው፤ አባባ ሆድ ውስጥ ከጀመረ ግን ቆይቷል።

የሳይንስና የቴክኒክ መዝገበ ቃላታችን ዘንድሮም አላለቀም። አንተ ስትሄድ «በ» ላይ ነበርን፤ አሁን «አ» ደርሰናል። ሁለት ዓመት ሙሉ ከ«በ» እስከ «አ»፣ አትሳቅ። የእኔ ሥራ ያው ነው። ምሁራኑ በየካርዱ የሚጽፉትን ትርጉም በንጹሕ እገለብጣለሁ፣ በፊደል ተራ እደረድራለሁ፣ ስብሰባ ላይ ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ። ዋና አዘጋጃችንን ታስታውሳቸዋለህ፤ ክርክር በበዛ ቁጥር «አለቀ፣ አራት ነጥብ!» ስለሚሉ «አራት ነጥብ» ብለን የምንጠራቸውን ሽማግሌ።

ባለፈው ወር መጀመሪያ ላይ አንድ ቃል መጣ፤ አናስቶሞሲስ። መጀመሪያ የሰው ስም መስሎኝ ነበር። ለአንዱ ቃል ሦስት ካርድ ተያይዞለታል። ሐኪሙ «የተቆረጠን አንጀት ወይም የደም ሥር ጫፍ ለጫፍ መስፋት» ብለው ጽፈዋል። የወንዝ መሐንዲሱ «ከአንድ ወንዝ ተከፍለው የሄዱ ጅረቶች ታች ወርደው መልሰው መቀላቀላቸው» ይላሉ። የዕፅዋት መምህርቷ ደግሞ «ቅጠል ላይ ተለያይተው የወጡ ጅማቶች ዞረው ተገናኝተው መረብ መሥራታቸው» ብላለች። ሦስቱም ልክ ናቸው፤ ሦስቱም ግን አንዱ የሌላውን አልቀበልም አለ። መሐንዲሱ «ወንዝ በመርፌ አይሰፋም!» ብለው ጠረጴዛ መቱ። ሐኪሙም «እኔስ በሽተኛዬን ጅረት ልበለው?» አሉ። አራት ነጥብ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሻሹና «ሦስቱንም የሚሸከም አንድ የራሳችን ቃል አምጡ። እስከ ወሩ መጨረሻ ካልመጣ ቃሉ ይዘለላል። አራት ነጥብ» አሉ።

ሦስቱን ካርዶች ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወደ ቤት መጣሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ቃሉ ትርጉም ስለበዛበት ብቻ ሊጣል መሆኑ አሳዘነኝ።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት አባባ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወደቁ።

ለካ ለወራት ሲያማቸው ኖሯል። እንዴት አላየሁም ብዬ ራሴን ስወቅስ ከረምኩ። ምግብ ሳቀርብ «ቢሮ በልቼ መጣሁ» ይሉኝ ነበር፤ ከውኃ ድርጅቱ ጡረታ ከወጡ ሁለት ዓመት ያለፋቸው ሰው የምን ቢሮ! ልብሳቸውን ስሰበስብ ቀበቶአቸው ላይ በምስማር የተበሱ ሁለት አዳዲስ ቀዳዳዎች አየሁ።

ከልብስ ሰፊዋ ጋር ደግፈን ታክሲ ውስጥ አስገባናቸውና ሆስፒታል ወሰድናቸው። የቀዶ ሕክምና ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ፀጉሯን በእርሳስ ጠቅልላ የምትይዝ ዓይነት። ምስሉን መብራት ላይ ሰቅላ አሳየችኝ። «ትልቁ አንጀት ውስጥ ያደገ ነገር መንገዱን ዘግቶታል» አለችኝ። «የታመመውን ቁራጭ እናወጣለን፤ ከዚያ አናስቶሞሲስ እንሠራለን።»

«ምን?» ብዬ ጮህኩ።

የደነገጥኩ መስሏት እጄን ያዘችኝ። «አይዞሽ፤ ቃሉ ነው የሚያስፈራው እንጂ...»

«ቃሉንማ አውቀዋለሁ» አልኳት። «ቦርሳዬ ውስጥ ነው ያለው።» ልጅቷ ምን ብላ እንዳሰበችኝ አላውቅም።

ከዚያ የስምምነት ቅጽ መጣ። ነርሱ ብዕሩን ይዞ «ለታካሚው ምናቸው ነሽ?» አለኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ መጀመሪያ ቅጹን አገላበጥኩት። ሁለት ዓመት ቀላል አይደለም። «የልጃቸው...» ብዬ ስጀምር፣ አባባ ከተሸካሚ አልጋው ላይ አንገታቸውን ቀና አድርገው «ልጄ ናት! ምን ይጠየቃል፣ ልጄ ናት በልና ጻፍ!» አሉት። ነርሱ «ልጅ» ብሎ ጻፈ። እኔም ፈረምኩ። ይቅር በለኝ፣ የፈረምኩት አንተ ቦታ ላይ ነው።

ከሰዓት በኋላ ስገባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኝተዋል። የተኙ መስሎኝ ቀስ ብዬ ወንበር ሳብኩ።

«ልጄ» አሉኝ ሳይዞሩ፤ «አትደብቂኝ። ያ አና... ምናምን ያለችው፣ የክፉው በሽታ ስም ነው አይደል?»

ሳቄ መጣ፤ እንባዬም አብሮ መጣ። ካርዶቹን አወጣሁና ሦስቱንም አነበብኩላቸው። አንጀቱን፣ ወንዙን፣ ቅጠሉን። ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። ዜና እንደሚሰማ ሰው ግንባራቸውን ቋጥረው አዳመጡኝ። ስጨርስ ተቆጡ።

«ታዲያ ይኼ የእኔ ሥራ አይደለም እንዴ? ለዚህ ነው ስብሰባ የተቀመጣችሁት? የተበላሸውን ቧንቧ ቆርጠሽ ታወጫለሽ። ሁለቱን አፍ ታጸጃለሽ። አፍ ለአፍ ትገጥሚያለሽ። ከዚያ ውኃ ለቀሽ ያንጠባጥባል አያንጠባጥብም ታያለሽ። አለቀ።»

ሐኪሟ ለማታ መድኃኒት ልታዝዝ ስትገባ አላሳለፏትም። «ነይ እስቲ፣ የኔ ልጅ። ሁለቱ አፎች ስፋታቸው እኩል ነው?»

ልጅቷ ፈገግ አለች። «እኩል አይደለም፣ አባባ። ከተዘጋው ቦታ በላይ ያለው ተለጥጦ ይሰፋል።»

«እንግዲያስ ጠባቡን ቀጥ አድርገሽ አትቁረጪው። ሰያፍ ቁረጪው፤ አፉ ይሰፋልሻል።»

ሐኪሟ መዝገቧን ዘግታ አፈጠጠችባቸው። «ይኼንን የት ተማሩት?»

«ጉድጓድ ውስጥ» አሉ አባባ፣ ብርድ ልብሱን እስከ አገጫቸው እየሳቡ። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ «ይቺ ልጅ ናት ሆዴን የምትከፍተው?» ማለታቸውን ተዉ።

እንድነግርህ አልፈቀዱም። ለመንኳቸው። «ከፍታ ላይ የሚሠራ ሰው ሐሳብ አይጣልበትም» አሉ። ደግሞም «ከእሱ ጋር ሆድና ጀርባ ከሆንን ስንት ጊዜያችን። ስለ ሆዴ ምን አገባው» አሉ። የውኃ ድርጅቱ ውስጥ በእሳቸው ቦታ እንድትተካ አማልደው ሳለ አንተ ወደብ እሄዳለሁ ያልክ ዕለት የተባባላችሁትን እዚህ አልደግመውም። ሁለታችሁም በቃላችሁ ታውቁታላችሁ።

ቀዶ ጥገናው አራት ሰዓት ፈጀ። ከልብስ ሰፊዋ ጋር ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥን። እሷ የማን እንደሆነ የማላውቀውን ሱሪ ይዛ መጥታ ስትጠቅም ቆየች፤ እኔ የኮሪደሩን የወለል ንጣፍ ስቆጥር ቆየሁ። ሐኪሟ ወጣችና ጭንብሏን ዝቅ አድርጋ «ሰያፍ ነው የቆረጥኩት ብለሽ ንገሪያቸው» አለችኝ። በዚያ አወቅሁ ደህና መሆኑን።

ግን አላበቃም። የተጋጠመ አንጀት ወዲያው አይታመንም አሉ። ሐኪሟ በየጠዋቱ እየመጣች አንድ ጥያቄ ብቻ ትጠይቃለች፤ «አባባ፣ አየር ወጣ?» መንገዱ መከፈቱ የሚታወቀው በዚያ ነው። ክፍሉ ውስጥ ስድስት ሕመምተኞች ናቸው፤ ሁሉም የአባባን አየር መጠበቅ ጀመረ። አንደኛው ቀን የለም። ሁለተኛው የለም። አራተኛው ቀን ላይ የጎን አልጋው ጡረተኛ የአውቶቡስ ሹፌር «ይኼ መስመር ትራፊክ ያዘው» አለ። አባባ ስፌቱ እንዳይጎትታቸው ሆዳቸውን በትራስ ይዘው ሳቁ።

በአምስተኛው ቀን ትኩሳት ያዛቸው። ሐኪሟ ስትገባ እንደ ልማዷ አልቀለደችም። ሆዳቸውን ዳሰሰች፣ ደረታቸውን አዳመጠች፣ ከዚያ እኔን ወደ መስኮቱ ወሰደችኝ። «መጋጠሚያው አንጠባጥቦ ከሆነ እንደገና መክፈት አለብን። ደረታቸው ከሆነ ግን መድኃኒት ይበቃዋል። እስከ ነገ እንጠብቅ።»

ያን ቀን ከሰዓት ቁጥርህን ደውዬ ሳይጠራ ዘጋሁት። ሦስት ጊዜ። አባባ በትኩሳቱ መሀል በልጅነት ስምህ ጠሩህ። «የብሎን ቁልፉን አቀብለኝ፣ የአሥራ ሰባቱን» ይሉሃል። እጃቸውን ዘርግተው ይጠብቃሉ። ምን ላድርግ፣ ማንኪያ ሰጠኋቸው። ይዘውት ተኙ። አሁን ብትጠይቃቸው «አልጠራሁም፤ ትኩሳት ነው የለፈለፈው» ይላሉ። አንተ ግን እወቀው ብዬ ነው።

ደረታቸው ነበር። በማግስቱ ጠዋት ላብ አጠመቃቸውና ትኩሳቱ ለቀቃቸው። ከዚያም በጠያቂዎች ሰዓት፣ ክፍሉ በአበባና በዘመድ አዝማድ ጢም ብሎ ሳለ፣ አየሩ ወጣ። ቀስ ብሎ አይደለም የወጣው። ሁሉም ሰው ወሬውን አቆመ። ሹፌሩ «ጡሩንባው ሠራ!» ብሎ ጮኸ። አባባ ደግሞ እንደ ድሮው፣ መስመር ተጠግኖ ሲለቀቅ ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚጮኹት፣ «ውኃ መጣ!» አሉ። የማናውቃቸው ሰዎች አጨበጨቡ። በሕይወቴ በእንዲህ ያለ ነገር አለቅሳለሁ ብዬ አላስብም ነበር።

ሐኪሟ ስትመጣ በተራዬ እኔ ያዝኳት። ቃሉ ከልቤ አልወጣም ነበርና። የሦስቱ ምሁራን ጠብ መነሻው ምን እንደሆነ እስከዚያ ገብቶኛል፤ አንጀት ላይ የሚሠራው ሰው ነው፣ ወንዙና ቅጠሉ ግን ማንም ሳይነካቸው በራሳቸው ነው። «ሰው ነው የሚገጥመው ወይስ እሱ ራሱ ነው የሚጋጠመው?» ብዬ ጠየቅኋት።

«እኔ የማደርገው ሁለቱን አፍ ማቀራረብ ነው» አለችኝ። «እንዳይላቀቁ ለጥቂት ቀን በክር እይዛቸዋለሁ። የሚጋጠመው ግን ሥጋው ራሱ ነው። እሱ እምቢ ካለ የእኔ ክር ምንም አያደርግም።»

«ሰማሽ?» አሉኝ አባባ። «እሷ ሰፋች፤ የተጋጠምኩት እኔ ነኝ።»

በወሩ የመጨረሻ ስብሰባ ላይ፣ ከቃለ ጉባኤ በቀር ሥራ የሌለኝ እኔ እጄን አወጣሁ። አራት ነጥብ መስኮት ልክፈት ያልኩ መስሏቸው «ይከፈት፣ ይከፈት» አሉኝ። «የለም ጌታዬ፤ ስለ አናስቶሞሲስ ነው» አልኩ። «አፍ ለአፍ መጋጠም ቢባልስ? መግጠም ሳይሆን መጋጠም።» የሐኪሟን ቃል ነገርኳቸው፤ ክሩ እንደሚያቀራርብ፣ ሥጋው ራሱ እንደሚጋጠም።

ሐኪሙ «ልክ ናት» አሉ፤ «እኛ እናስጠጋለን እንጂ አናጋጥምም።» መምህርቷ ጣቷን በካርዷ ላይ እንደ ቅጠል ጅማት እያስኬደች ራሷን ነቀነቀች። የቀሩት መሐንዲሱ ናቸው። «ተጋጠሙ ማለት እኮ ተጣሉ፣ ተዋጉ ማለትም ነው! አንባቢው ጅረቶቹ ተደባደቡ ብሎ ቢረዳስ?»

«ሳይገናኙ መጣላት አለ እንዴ?» አለች መምህርቷ።

መሐንዲሱ ሳቁ። ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም ነበር። «እሺ፤ ወንዝም አፍ አለው» አሉና ካርዳቸውን ፈረሙ።

አራት ነጥብ ግን ተነስተው ከመደርደሪያው ጫፍ አንድ አሮጌ የግሪክ መዝገበ ቃላት አወረዱ። አቧራውን እፍ ብለው ገለጡ፣ በጥፍራቸው እየተከተሉ አነበቡ። ቃሉ ከመነሻው «ስቶማ» ከሚል ነው የመጣው፤ አፍ ማለት ነው። ለአንድ ነገር አፍ ማበጀት እንደማለት ነው አሉን። በመነጽራቸው አናት ላይ አዩኝ። «ከየት አመጣሽው?»

«ከአማቴ፣ ጌታዬ። ገጣሚ ናቸው።»

«ኦ! ምን ዓይነት ግጥም ይጽፋሉ?»

«የቧንቧ ናቸው፣ ጌታዬ።»

ስብሰባው ፈረሰ ማለት ይቻላል። ሳቁ ሲያልቅ ግን አራት ነጥብ ኮስተር ብለው «ካርዱ ጥግ ላይ ምንጭ፣ ቧንቧ ገጣሚ ብለሽ ጻፊ። አራት ነጥብ» አሉ። ጻፍኩ። አባባ ሲሰሙ ምንም እንዳልመሰላቸው ሆነው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። በሳምንቱ ግን ፖስተኛውም፣ ዳቦ ሻጯም፣ የልብስ ሰፊዋ ደንበኞችም ሁሉ መዝገበ ቃላት ውስጥ መግባታቸውን ያውቁ ነበር። መጽሐፉ ለመታተም ገና ስንት ዓመት እንደሚቀረው ልነግራቸው አልጨከንኩም።

የተቆረጠው ሥጋ ምርመራ ውጤት ባለፈው ዓርብ ደረሰ። ዳርና ዳሩ ንጹሕ ነው፤ የቀረ በሽታ የለም። በየሁለት ወሩ መታየት ብቻ ነው የሚያስፈልጋቸው አለች ሐኪሟ። አሁን ሾርባ ይጠጣሉ፣ ለስላሳ እንቁላል ይበላሉ፣ ጨው አነሰው እያሉ ያማርራሉ። ትናንት ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞሩ። ሰውነታቸው እየተመለሰ ነው። ደስ ብሎኛል፤ ያለ ምክንያት ዘፈን ካንጎራጎርኩ ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። የሄድክ ዕለት በር ላይ ቆመህ «አንቺስ ከማን ጋር ነሽ?» ብለህ ጠየቅኸኝ። ዝም አልኩህ። አንተም ዝምታዬን ከእሳቸው ጋር ነኝ ማለት ነው ብለህ ይዘኸው ሄድክ። አልነበረም። መሀል ላይ ነበር የቆምኩት፤ በሁለት በኩል ሲጎተት ደግሞ ሰው አፉ ይያዛል። ዛሬ ብትጠይቀኝ መልስ አለኝ። አልጠየቅኸኝምና አልጽፈውም።

ሐኪሟ ደረጃ እንዳይወጡ ስላዘዘች የአባባን አልጋ ወደ ምድር ቤት አውርደነዋል። ከላይ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። ቤታችን እንዲህ ሰፊ መሆኑን አላውቅም ነበር። ቀጣዩ ቀጠሮአቸው በሚመጣው ወር የመጨረሻው ሐሙስ ጠዋት ነው። አብሬአቸው እሄዳለሁ፤ ልብስ ሰፊዋም አለች። እንዲያው ቀኑን እንድታውቀው ያህል ነው።

እሳቸው አሁን ገብተው ትከሻዬ ላይ ቆመዋል። «ምን እያልሽው ነው?» ይላሉ። «ስለ ሆድዎ ነው» አልኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ «እንዳይጨነቅ አድርገሽ ጻፊ» ብለው ወጡ። ተመልሰው መጡ። «ወረቀቱ ላይ ቦታ ይተርፋል?» አሉ። ይተርፋል አልኳቸው።

እንግዲህ በሰላም ከወጣህበት በሰላም ያውርድህ። እግርህ አይሳት፣ እጅህ አይዛል፣ ገመዱም ይጽናልህ። ከሚበላው ትኩሱን፣ ከሚያጋጥምህ ሰው ደጉን ይስጥህ። እኛ ደህና ነን።

ባለቤትህ

ከዚህ በታች ያለው የአባባ እጅ ጽሑፍ ነው። ግማሽ ሰዓት ፈጅቶባቸዋል፤ እርሳሱንም ሁለት ጊዜ ቀርጸዋል።

ልጄ፣
የምትሠራበት ክሬን ከመሬት ስንት ሜትር ይሆናል? ጻፍልኝ።
አባትህ